አራዳ ቀድሞ ይነቃል

“አራዳ” ማለት ብልጥ፣ ነገር ሳይደርስበት የሚነቃ ማለት ነው። በጎርፍ ጉዳይ ግን ይህ አራዳነታችን የት እንደገባ እንጃ። ዛሬ ስለ ጎርፍ፣ በተለይም ስለ ጎርፍ ገንዘብ ልናወራችሁ ነው።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። እንጦጦ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ፒያሳ የተቀመጠችው በዚህ ቁልቁለት መሀል ላይ ነው። ከላይ የጣለው ዝናብ በቀጨኔ፣ በቀበናና በግንፍሌ በኩል ይወርዳል። ቀጨኔማ የሚያልፈው ራስ መኮንን ድልድይ ስር ነው። አፈርና ዛፍ ይመጥጠው የነበረውን ውሃ ዛሬ አስፋልት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ባንዴ ወደ ቦዩ ይደፋዋል።

ይህ ቀልድ አይደለም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ ቢያንስ 7 ሰዎችን ገድሏል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎቿን በአንድ ሌሊት ጎርፍ አጥታለች።

ገንዘብ የለም እንዳንል ደግሞ ከተማችን ገንዘብ ስታሰባስብ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ፤ በ“ገበታ ለሸገር” አንዱ የእራት ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ገለባበጣት። ከመንገዱ ጋር አዲስ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ተቀብሯል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ እናመሰግናለን። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ቁልቁለቱ ግን አልፈረሰም።

ችግሩ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣው ነው። ቱቦ እንደ ጥርስ ነው፤ ካልጸዳ ይበሰብሳል። ፌስታልና ሃይላንድ ይደፍነዋል፣ ደለል ይሞላዋል፣ ክዳኑንም ሌባ ይወስደዋል። የመንገዶች ባለሥልጣን ክረምት ሲቃረብ ያስጠርጋል፤ ግን ለማጽዳት ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይተን አናውቅም። ፎቶ የማያምር ሥራ ደግሞ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው እሱ እንዳይሆን እንሰጋለን።

“ቆሻሻ የሚጥለው ሕዝቡ ራሱ አይደል?” ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ እኛም እንጥላለን። የሚጥለው ይቀጣ። ቅጣት ግን የጠበበ ቱቦ አያሰፋም።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? አዲስ ግብር እያልን አይደለም፤ ኑሮው እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የተጀመረው የቤት ግብር አለ፤ ጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። የአዋጁ ሀሳብ ከተሞች መሠረተ ልማታቸውን በራሳቸው ገቢ እንዲሸፍኑ ነው። እንግዲህ ከሚሰበሰበው ላይ የተወሰነ ድርሻ ለቦይና ለቱቦ ጥገና ብቻ ይቆረጥ፤ ለሌላ ነገር እንዳይነካም በደንብ ይታሰር።

ክፍያውም ፍትሕ ይኑረው። ጀርመን ውስጥ ብዙ ከተሞች ለዝናብ ውሃ የሚያስከፍሉት ውሃ በማያሰርግ ወለልና ጣሪያ ስፋት ነው። እኛም ጋ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ያለበሰ ሕንጻና አንዲት ክፍል ቤት ያላቸው እናት እኩል መታየት የለባቸውም። ደግሞ የአራዳ ገንዘብ አራዳ ላይ ብቻ አይቅር። ሽሮሜዳ ላይ የተተከለ ዛፍ ራስ መኮንን ድልድይ ስር ያለውን ሰው ያድናል።

በመጨረሻም ይነገረን። በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይህን ያህል ሰበሰብን፣ ይህን ያህል ሜትር ቦይ ጠረግን፣ ይህን ያህል ክዳን ተካን ተብሎ ይለጠፍ፤ እሱም ከሰኔ በፊት። ነሐሴ ላይ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለእሳት ነው። ለውሃም ይሠራል።