‹‹ማዘር፣ ማሽኑ ደክሟል››

አዲሱ ገበያ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቆመናል። እናቴ፣ እኔ፣ እና ሁለት ወር ከአስር ቀን የጠበቅነው የእህቴ የሰርግ ፍላሽ። ልጁ ፍላሹን ሰክቶ አጫወተልን። ሙሽሮቹ አምረዋል፣ ኬኩ ተቆርሷል፣ ዘፈኑም ሞቅ ብሏል። መልሱ ጋ ሲደርስ አያቴ እህቴን ትመርቃለች። መጀመሪያ ላይ አፏና ድምፅዋ ትንሽ ብቻ ነው የሚለያዩት። ምርቃቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ግን አያቴ ጨርሳ ዝም ብላለች፣ እኛም ‹‹አሜን›› ብለን ተነስተናል፣ ድምፅዋ ገና ‹‹ውለዱ፣ ክበዱ›› እያለ ነው።

‹‹ማዘር፣ ማሽኑ ደክሟል›› አለ ልጁ። ‹‹ራም ያንሰዋል። እኔ ጋ ራሱ ሲጫወት ይቆራረጣል።››

እናቴ ስለ ራም የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው አያቴ ከሰርጉ በሰባተኛው ሳምንት ማረፏን ነው። ‹‹እና ልጄ፣ እንደገና አይሠራም?›› አለችው። አይሠራም። ዋናውን ፋይል ለሌላ ሰርግ ቦታ ሲያስለቅቅ አጥፍቶታል።

እኔ የምለው፣ ይቺ ‹‹ማሽኑ ደክሟል›› የምትባል ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የሁሉ በሽታ መድኃኒት የሆነችው? ቪዲዮ ተቆራረጠ፣ ማሽኑ ደክሟል። ድምፅና ምስል ተጣሉ፣ ማሽኑ ደክሟል። ፍላሹ አልቀበልም አለ፣ ቫይረስ ነው። (ቫይረስ የቀድሞው መልስ ነበር፣ አሁን ትንሽ አርጅቷል።) ደንበኛው አንገቱን ነቅንቆ ይወጣል፣ ባለሙያው ራም ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ችግሩ ግን እዚያው ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይስቅብናል።

የአያቴን ምርቃት የቀረፀው ካሜራማኑ አይደለም፤ እሱ ያኔ ምሳ ላይ ነበር። የቀረፀው ከአሜሪካ የመጣው አጎቴ ነው፣ በአይፎኑ። ‹‹ኤምፒ4 አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ›› ይላል አጎቴ። ኤምፒ4 ማለት ግን ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካኑ ቢጫ መሆኑ ውስጡ ዘይት ይሁን ጋዝ፣ ውሃ ይሁን ጠላ አይነግራችሁም። ኤቪአይም፣ ኤምኦቪም፣ ኤምኬቪም ጀሪካኖች ናቸው። ዋናው ጉዳይ ውስጥ ያለው ነው፣ ኮዴክ የሚባለው፣ ምስሉ የታመቀበት ዘዴ። አይፎን 7 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አይኦኤስ 11 ጀምሮ፣ ካልከለከላችኋቸው በስተቀር የሚቀርፁት በኤች.265 ነው። ኤች.265 እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀ ዘዴ ነው። ልጁ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ደግሞ የአዶቤ ፕሪሚየር ሲኤስ6 ነው፣ የ2012 ዕቃ፣ ያውም ክራክ። በ2012 የተሠራ ሶፍትዌር በ2013 የጸደቀን ነገር ከየት አውቆት ይክፈተው? ስለዚህ ልጁ ፋይሉን ባገኘው ኮንቨርተር ገልብጦ አስገባው። ጉዳቱም እዚህ ጋ ተጀመረ።

ስልክ ሲቀርፅ በሰከንድ 30 ፍሬም እያለ ይፎክራል እንጂ ሁልጊዜ 30 አይቀርፅም። ድንኳን ውስጥ ብርሃን ሲያንስ ይቀንሳል፣ ሲግል ይቀንሳል፣ ከዚያ እንደገና ይጨምራል። ቫሪያብል ፍሬምሬት ይሉታል። ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ፣ በተለይ የድሮው፣ ይህን አያውቅም፤ ሁሉንም 30 ነው ብሎ ይቆጥራል። ምስሉ ይፈጥናል፣ ድምፁ በራሱ ሰዓት ይሄዳል። ልዩነቱ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ በ11 ደቂቃ ምርቃት መጨረሻ ላይ ከ6 ሰከንድ በላይ ይሆናል። አያቴ ዝም ብላ ድምፅዋ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። በዓለም ላይ ያለ ራም ሁሉ ቢጨመር አይስተካከልም። መፍትሔው ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው፦ ፋይሉን ኤዲት ከማድረግ በፊት ‹‹ኮንስታንት ፍሬምሬት›› የሚለውን መርጦ ወደ ኤች.264 መቀየር። ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ያልቃል፣ ማሽኑ እውነትም ከደከመ ምሳ በልታችሁ።

ስለ መቆራረጡም ልጁን በግማሽ ልመንለት። ኤች.265 ቦታ የሚቆጥበው ምስሉን በየፍሬሙ ሙሉ በሙሉ ስለማያስቀምጥ ነው። አንዱን ሙሉ ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። መሀል ላይ ቆርጣችሁ ስትገቡ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉውን ምስል ፈልጎ ከዚያ እያሰላ ይመጣል። ይህን ሥራ ራም አይሠራውም፤ ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ክፍል ነው የሚሠራው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከ6ኛው ትውልድ፣ ማለትም ከ2015 ወዲህ ነው ተራውን ኤች.265 በዚህ መንገድ የሚፈታው። ባለ 10 ቢቱን ደግሞ ከ7ኛው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ፕሮክሲ ሥሩ፦ ቀለል ያለ ትንሽ ቅጂ አዘጋጅታችሁ በሱ ቆርጡ፣ መጨረሻ ላይ ዋናውን ተኩት። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ አዳዲሶቹ ፕሪሚየሮች ይህን በቀላሉ ያደርጋሉ። የዳቪንቺው ነፃ ቅጂ እያለ ለክራክ ቫይረስ ደጃፍ መክፈት ለምን እንዳስፈለገ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ፍላሹስ? 64 ጊጋ ፍላሽ ይዘን ሄደን ‹‹ሞልቷል›› አለን፣ ባዶውን። ፋት32 በሚባለው መንገድ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ሺህ ጊጋ ቢሆንም። ኤክስፋት ብሎ ፎርማት ማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ግን ሰርጉን በአራት ቆራርጦ ሰጠን፣ ሦስተኛው ሽማግሌዎቹ መሀል ዓረፍተ ነገር ላይ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ይስተካከላል፣ ቢያንስ ይማሩታል። እኔን የሚያንገበግበኝ የዋናው ፋይል መጥፋት ነው። ይህ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የብዙዎቻችን ወላጆች ሰርግ በቪኤችኤስ ካሴት ነበር። ቪሲዲ ሲመጣ ‹‹ወደ ሲዲ ይቀየር›› ተባለ፣ ተቀየረ፣ ካሴቱ ተጣለ ወይም ላዩ ላይ ድራማ ተቀዳበት። ቪሲዲ ማለት 352 በ288 ነው። ዛሬ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ስታዩት አባታችሁን ከሚዜው መለየት ያስቸግራል። ሲዲውም በተራው ተጫጭሮ መሀል ላይ ይቆማል። በየዘመኑ አዲሱን ቅጂ አቅፈን ዋናውን እንጥላለን።

ስለዚህ ቪዲዮ ቤቶች ሆይ፣ ዋናውን ፋይል ለደንበኛው ሳትሰጡ አታጥፉ። ሃርድ ዲስክ ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ደንበኛው ይዞ ይምጣ በሉት፣ ዋጋውም ላይ ጨምሩበት። እኛም ደንበኞች ስለ አልበሙ ቆዳ ሦስት ቀን ከምንከራከር ውል ላይ አንድ መስመር እናስጨምር። አይፎን ያላችሁ ደግሞ ሰርግ ልትቀርፁ ስትሉ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብታችሁ ‹‹ሞስት ኮምፓቲብል›› የሚለውን ንኩ። ቦታ ይበላል። ይብላ።

አጎቴ ጋ ደወልን። ‹‹በቴሌግራም ልኬላችሁ የለ እንዴ? ስልኬ ሞልቶ አጥፍቼዋለሁ።›› ልኳል፣ እውነት ነው። ግን እንደ ቪዲዮ ነው የላከው፣ እንደ ፋይል አይደለም፤ ቴሌግራም ደግሞ ቪዲዮ ሲላክ ጨፍልቆ ያሳንሳል። እንደ ፋይል ቢሆን ኖሮ እስከ 2 ጊጋ ይችል ነበር፣ የአያቴ 11 ደቂቃም ይገባ ነበር። የቀረን ያው የተጨፈለቀው ነው። የነጠላዋ ጥለት አይለይም፣ ፊቷም ደብዝዟል፣ ድምፅዋ ግን ከአፏ ጋር ይወጣል። እናቴ የምታየው እሱን ነው፣ በስልኳ።

ከልጁ ጋር አልተጣላንም። ቅዳሜ ሃንድብሬክ ልጭንለት ተቀጣጥረናል። ሃርድ ዲስኩን ግን ‹‹ከፋሲካ በኋላ፣ ሰርግ ሲመጣ›› ብሎኛል።