«ካፊል» ዋስ ነው እንጂ ጌታ አይደለም

ዓርብ ዕለት ሳልሚያም ሆነ ፈርዋኒያ እህቶቻችን ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «ካፊልሽ እንዴት ነው?» የሚል ነው። ቃሉን ሁላችንም እንናገረዋለን። ብዙዎቻችን ግን «ጌታዬ» የምንል ያህል እንፈራዋለን። እንዲህ መረዳታችን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ዋጋ ያስከፍላል።

ካፊል የዐረብኛ ቃል ነው። በአማርኛ ቁርጥ ያለው ትርጉሙ «ዋስ» ነው። በሸሪዓ ካፋላ ማለት የሌላውን ዕዳ ወይም ኃላፊነት በራስ ላይ መውሰድ ነው። የቲም የሚያሳድግ ሰው «ካፊሉል የቲም» ይባላል። ቁርኣን ዘከሪያ መርየምን ተረክቦ እንዳሳደጋት የሚናገረውም ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው።

ዋስ ምን እንደሆነ ደግሞ ከአገራችን እናውቃለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ዋስ የሚለው ባለዕዳው ግዴታውን ሳይወጣ ቢቀር እኔ እወጣለሁ ብሎ የገባን ሰው ነው። ዋስ ሸክም ይሸከማል እንጂ ሰው አይገዛም።

ታዲያ ዋሱ እንዴት ጌታ መሰለ? በባሕረ ሰላጤው አገሮች የውጭ ሠራተኛ ሲገባ ለመኖሪያ ፈቃዱ የሚጠየቅ አሠሪ እንዲኖር ተደረገ። ኢቃማው ከአሠሪው ጋር ታሰረ። ሥራ መቀየርም በአብዛኛው በእርሱ ፈቃድ ሆነ። ኃላፊነት ተብሎ የተጀመረው ነገር ሥልጣን ሆኖ አረፈው።

የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68 የ2015፣ አሠሪውን የሚጠራው «ሳሒቡል ዐመል» ብሎ ነው፤ የሥራው ባለቤት ማለት ነው። የሥራው እንጂ የሠራተኛዋ አይደለም። ሕጉ ሸክሙንም ዘርዝሮታል፦ ምግብ፣ ልብስ፣ መኖሪያ፣ ሕክምና፣ በየወሩ ደመወዝ። ሥራው በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው፣ በዓመት ፈቃድ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንዲሰጥ ያዛል። ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን መያዝም ይከለክላል። በ2016 በወጣ ውሳኔ ደግሞ ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር እንዲሆን ተወስኖ ነበር።

ወረቀት ላይ የተጻፈው በየቤቱ እንደማይፈጸም እናውቃለን። ቤቱ የተዘጋ ነው፤ ኢቃማው በአንድ ሰው እጅ እስካለም ሠራተኛዋ መብቷን ለመጠየቅ ትፈራለች። ስለዚህ ይህ እስራት እንዲላላ፣ የየአገሩ መክተብም ሠራተኛዋ ከመሳፈሯ በፊት ሕጉን በቋንቋዋ እንዲያስረዳት እንጠይቃለን።

እናንተም እህቶቻችን፣ የኮንትራታችሁን ቅጂና የፓስፖርታችሁን ፎቶ በስልካችሁ ያዙ። ደመወዝ የተቀበላችሁበትን ቀን መዝግቡ። በደል ሲደርስባችሁ የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞችን አቤቱታ ይቀበላል። ዝም ብሎ ከቤት መጥፋት ግን አሠሪው «ተገዩብ» ብሎ እንዲያመለክትባችሁ በር ይከፍታል። ለሕይወታችሁ የሚያሰጋ ነገር ካለ ጊዜ ሳታጠፉ 112 ደውሉ።

ከእንግዲህ «ካፊሌ» ስትሉ ትርጉሙን አትርሱ። ዋሳችሁ ነው፤ ዋስ ደግሞ ይጠየቃል።