ለእሬቴ፦ የዘገየ ምስጋና

ውድ እሬቴ፣

ሐርቡ ከእናቴ ደጅ ነቅዬ ደሴ ኮንዶሚኒየም ካስገባሁሽ ዓመታት አልፈዋል። ምጣድ ላዋሰችኝ ጎረቤት፣ መጋረጃ ለላከችልኝ እህቴ ሁሉ ምስጋናዬ ደርሷል። አንቺን ግን አንድ ቀን እንኳ «አበጀሽ» አላልኩሽም። ዕዳዬ ስለበዛ ዛሬ ተራ በተራ ልቁጠረው።

መጀመሪያ ደሴን ስለቻልሽ አመሰግንሻለሁ። ሐርቡ ቆላ ናት፤ ቀትር ላይ ዶሮ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ከዚያ ተነስተን ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንወጣ ሹራብ ከየቦርሳው መውጣት ይጀምራል። ጦሳ ሥር ስንደርስ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነን። አብራሽ የመጣችው የፓፓያ ችግኝ የጥቅምትን ብርድ አልቻለችም፤ ቅጠሏ ጠቁሮ ረገፈ። አንቺ ማደግሽን ገታ አድርገሽ ቀኑን ጠበቅሽ። ከመስታወት ጀርባ መሆንሽም ረድቶሻል፤ ውኃ ያዘለ ቅጠልሽን ደጅ ውርጭ ቢያገኘው ኖሮ ይበሰብስ ነበር።

ቤቴን ስላስተዋወቅሽኝም ባለዕዳሽ ነኝ። ችግኝ ሻጭ ፊት ስንቆም የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው አበባው ላይ ነው። አንቺ ግን መስኮቴን እንዳይ አደረግሽኝ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በደቡቡ መስኮት የሚገባው ብርሃንም ሳሎኑ መሀል ይደርሳል። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ደመናውም ይከብዳል። ያን ጊዜ ቅጠሎችሽ ቀጥነው ወደ መስታወቱ ሲያጋድሉ እያየሁ በክረምት አንቺን ወደ ምሥራቁ መስኮት ማዛወር ለመድኩ።

ጤና አዳምን ለቡናዋ ስል ከማንም በላይ እወዳታለሁ፤ ሲኒዬ ውስጥ ከሌለች ቡና የጠጣሁ አይመስለኝም። ነገር ግን እሷ ሙሉ ፀሐይና ቤት የሚውል ሰው ትፈልጋለች። ማለዳ ለሥራ ኮምቦልቻ ወርዳ ማታ የምትመለስ፣ ቅዳሜና እሑድ ሐርቡ እናቷ ዘንድ የምታድር እንደ እኔ ያለች ሴት አትሆናትም። ስለዚህ ጤና አዳሜን ከጎረቤቴ በረንዳ እየቀነጠስኩ እኖራለሁ፤ አንቺ ግን የኔው ነሽ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ ከልጆቼ ጋር ውኃ ስላልተሻማሽስ? ጄሪካኖቹ ባዶ በሆኑበት ሳምንት ሁሉም ነገር አፉን ከፍቶ ሲጠብቀኝ አንቺ ዝም ብለሽ ታልፊዋለሽ። ምሥጢሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አብዛኛው ተክል ቀን በሐሩር የቅጠሉን ቀዳዳዎች ከፍቶ ሲተነፍስ ውኃው ይተንበታል። አንቺ ቀን ዘግተሽ ትውዪና አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሌሊት ትከፍቻለሽ። እንዲያውም አንቺን የሚገድልሽ የውኃ መብዛት ነው። አፈርሽ እስከ ታች ሳይደርቅ ከተደገመልሽ ሥርሽ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው የዘይት ጣሳሽን ከሥር በሚስማር የበሳሁት፣ አፈርሽንም ከአሸዋ ጋር የቀላቀልኩት።

አሁን ወደ ትልቁ ዕዳ ልምጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆቼንና አንድ ሻንጣ ይዤ ወጣሁ። አንቺን የሚይዝ እጅ አልነበረኝም። ኅዳር መገባደጃ ላይ ጦርነቱ ከከተሞቹ ሲርቅ ተመለስን። በሩ ተሰብሮ፣ ቴሌቪዥኑና ፍራሹ ተወስዶ ነበር። አንቺን ማንም አልፈለገሽም፤ ምን ታወጫለሽ? ቅጠሎችሽ ሳስተው፣ ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ ጫፋቸው ቀልቶ ነበር። ያጠራቀምሽውን ውኃ ራስሽ ስትጠጪ ነበር የከረምሽው። ትንሿ ልጄ ከሁላችን ቀድማ ገብታ «እማዬ፣ እሬቷ አለች!» ብላ ጮኸች። በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ «አለች» የተባለ ነገር መስማት ለእኔ ምን እንደነበር በጽሑፍ መግለጽ አልችልም። ቀስ ብዬ አጠጣሁሽ፤ ብዙም ሳይቆይ ቅጠሎችሽ ሞሉ።

የወጥ ቤቱን ውለታ ባጭሩ ልበለው። ምጣድ ጣቴን ሲለበልበኝ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ወደ አንቺ እመጣለሁ። ቅጠልሽን በቢላ ስቆርጠው ከልጡ ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ሽታው ከበድ ያለ፣ ምሬቱ ምላስ የሚያስር ነው። ቅጠሉን አቁሜ ያ ቢጫ እስኪወርድ እጠብቃለሁ፤ ከተዋጠ ሆድ ያስሮጣልና። ልጡን ስገፍፈው ጥርት ያለው ዝልግልግ ይገኛል፤ ቀዝቃዛ ነው። ለትንሽ ቃጠሎ ይበቃኛል፤ ለትልቁ ጤና ጣቢያ አለ።

ያ ምሬትሽ ራሱ በቤታችን ታሪክ አለው። እናቴ አምስታችንንም ጡት ያስጣለችን ጡቷን አንቺን ቀብታ ነው። አያቴ መቃብር ላይ የተተከልሽውም አንቺ ነሽ፤ ውኃ የሚያጠጣ ሰው በሌለበት ዛሬም አረንጓዴ ነሽ። አሎ ቬራ የምትባለው ያንቺ ዓይነት ከዓረብ ምድር እንደመጣች ይነገራል፤ በአገራችን ደግሞ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች በየገደሉና በየሜዳው በቅለዋል። ዘመዶችሽ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ አላመሰግንሽበትም፤ «አየሬን አጸዳሽልኝ» አልልሽም። ሰዎች ይህን ወሬ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣው የናሳ ጥናት ነው፤ አንቺም ከተፈተኑት መካከል ነበርሽ። ሙከራው ግን የተካሄደው በተዘጋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምገማ እንዳሳየው መስኮቱ ከሚያስገባው አየር እኩል ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። የኔ ሳሎን ያን ሁሉ ጣሳ አይችልም። ባላደረግሽው ባመሰግንሽ ደግሞ ያደረግሽውን አሳንስብሻለሁ።

ዘንድሮ ከሥርሽ ግልገሎች አውጥተሽ ጣሳው ጠቦሻል። አንዱን ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ፣ አንዱ ወደ ሐርቡ ተመልሶ እናቴ ደጅ ገብቷል። የቀሩት ፈላጊ ይጠብቃሉ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አዲስ ቤት የገባችሁ፣ ተክል ከመግዛታችሁ በፊት መስኮታችሁ ወዴት እንደሚያይና በሳምንት ስንት ቀን ቤት እንደምትውሉ ቁጠሩ። ቤት የማትውሉ ከሆነ ጣሳ ይዛችሁ ኑ፤ ግልገሉን በነጻ እሰጣለሁ። ጣሳው ግን ከሥሩ የተበሳ ይሁን።