የቤት ኮምፒዩተር ሌሊቱን በርቶ ይደር ወይስ ይጥፋ?

ማናቸውም የሥራ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ አንደኛው በሥራ ላይ ሳለ የሚደረግለት፥ ሁለተኛው ከሥራ ሲያርፍ የሚደረግለት ነው። ነጋዴው ሚዛኑን፥ ካዝናውን፥ የመጋዘኑን ቁልፍና የጭነት መኪናውን በሚመለከት ይህን ሕግ ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ሚዛኑ ይጠረጋል፥ ካዝናው ይቈለፋል፥ የመኪናውም ሞተር ይጠፋል። በቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ኮምፒዩተር በተመለከተ ግን ሥርዓቱ ገና አልረጋም። አንዱ ነጋዴ ሥራውን ሲጨርስ አጥፍቶ ይተኛል፤ ሌላው ደግሞ ስክሪኑን ብቻ አጨልሞ መሣሪያውን ሳምንቱን ሙሉ እንደ በራ ያሳድረዋል። ሁለቱም በበኩላቸው ለልማዳቸው ምክንያት አላቸው።

ጉዳዩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በየክልሉ ከተሞች አያሌ አነስተኛና መካከለኛ ነጋዴዎች የቀኑን ሽያጭ፥ የዱቤውን መዝገብና የዕቃውን ቈጠራ ቀን በሱቅ ከሰበሰቡ በኋላ፥ ማታ በቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ ያሰፍሩታል። እንግዲህ ያ መሣሪያ የልጆች መጫወቻና የፊልም ማያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የድርጅቱ የሒሣብ ክፍል ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ እንዴት ይደር ብሎ መጠየቅ፥ የሒሣብ መዝገቡ እንዴት ይደር ብሎ መጠየቅ ነው።

«አይጥፋ» የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ዋና ምክንያት፥ ማጥፋትና ማብራት መሣሪያውን ያደክመዋል የሚል ነው። ይህ አባባል ያለ መሠረት የተነሣ አይደለም። በየካቲት 1938 ዓ.ም. (1946 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር 30 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ በውስጡም የድሮ ራዲዮ አምፑል የሚመስሉ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫልቮች ነበሩት። እነዚህ ቫልቮች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት መሣሪያው በርቶ ሲሞቅ ወይም ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነበርና፥ ሠራተኞቹ መሣሪያውን ባለማጥፋት ብልሽቱን ለመቀነስ ቻሉ። ለዚያ ዘመን መሣሪያ ውሳኔው ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የቀድሞ ሃርድ ዲስኮችም ሲነሡና ሲቆሙ የማንበቢያው ራስ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ ጋራ ይነካካ ስለ ነበር፥ ልማዱ እየተወረሰ እስከ ዛሬ ደረሰ።

ዛሬ ግን ቫልቩ ቀርቶ ትራንዚስተር ተተክቷል። በኮምፒዩተር ውስጥ ያሉት ክፍሎች ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ መጠነኛ መሳሳብ እንደሚደርስባቸው አይካድም፤ ሆኖም በቀን አንድ ጊዜ መብራትና መጥፋት የሚያደርስባቸው ጉዳት ከዕድሜያቸው ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ 50,000 ጊዜ እንዲነሣና እንዲቆም ሆኖ የተሠራ ሃርድ ዲስክ በቀን አንድ ጊዜ ቢበራ፥ በ50 ዓመት ውስጥ የሚነሣው 18,250 ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ባለቤቱ መሣሪያውን ደጋግሞ ይለውጠዋል። ኤስ.ኤስ.ዲ. በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ዲስክ ውስጥማ የሚሽከረከር ነገር ጨርሶ የለም። በአንጻሩ በርቶ የሚያድር የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ማራገቢያው ሌሊቱን ሁሉ ይዞራል፥ አቧራም ይስባል፤ የአቧራው መብዛትም ሙቀቱን ያባብሰዋል። ድካም ከተባለ እንግዲህ፥ ያለ ሥራ ሲሽከረከር ማደርም ድካም ነው።

ሁለተኛው ምክንያታቸው ጥዋት ሲያበሩት ጊዜ ይወስዳል የሚል ነው። ይህም ለአሮጌ መሣሪያ እውነት ሊሆን ይችላል። ኤስ.ኤስ.ዲ. ያለው ኮምፒዩተር ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለሥራ ይዘጋጃል፤ ጥዋት የተጣደው ጀበና ሳይፈላ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል።

«ይጥፋ» የሚሉት ደግሞ አስቀድመው የሚያነሡት የመብራት ሒሣብን ነው። ይህንም በቁጥር መመልከት ይገባል። ሥራ ሳይሠራ 60 ዋት የሚስብ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጥዋቱ 2 ሰዓት ማለት 11 ሰዓት በርቶ ቢያድር፥ በአንድ ሌሊት 660 ዋት ሰዓት፥ በዓመት ደግሞ 241 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ ኃይል 3.5 ኪሎዋት የሚስብን የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ወደ 69 ሰዓት ያህል ለማሠራት ይበቃል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ስለሆነም፥ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ተጨማሪው ኪሎዋት ሰዓት በላይኛው እርከን ዋጋ ይታሰባል። በስክሪኑ ላይ የሚንሳፈፈው ሥዕል ኃይል ይቈጥባል ብሎ የሚተማመንም ተሳስቷል፤ ያ ሥዕል የተፈለሰፈው በድሮው ወፍራም ስክሪን ላይ አንድ ምስል ለብዙ ጊዜ ቆሞ መስተዋቱን እንዳያቃጥል ነበር እንጂ ኃይል ለመቈጠብ አልነበረም። ይሁን እንጂ እውነቱ ይነገር ከተባለ፥ በዚህ ፍጆታ ብቻ የከበረም የደኸየም ነጋዴ የለም። ክርክሩ በመብራት ሒሣብ ብቻ የሚቋጭ ቢሆን ኖሮ፥ ለእያንዳንዱ ባለቤት ፈቃድ መተው በተቻለ ነበር።

የነገሩ ዋና ክብደት ያለው በሌላ ሥፍራ ነው። ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ነገር በሁለት ሥፍራ ያስቀምጣል፤ አንደኛው ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ የሚያስታውሰው ሜሞሪ፥ ሁለተኛው ኃይል ባይኖርም የማይረሳው ዲስክ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ በሜሞሪው ያለው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት ፕሮግራሙ ወደ ዲስኩ እየጻፈ ከነበረ፥ ጽሑፉ ከመካከል ይቋረጣል፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነው መዝገብም በማግሥቱ አልከፈትም ሊል ይችላል። በኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዘንድ የተለመደው ፒችትሪም ሆነ ሌላ የሒሣብ ፕሮግራም ተከፍቶ ካደረ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው። ባለቤቱ ነቅቶ ሲሠራ መብራት ቢሄድ፥ ቢያንስ የት ላይ እንደ ቆመ ያውቃል፤ ተኝቶ ሳለ የሆነውን ግን የሚነግረው የለም።

የመብራቱ መሄድ ብቻ ሳይሆን መመለሱም ያሰጋል። በኢትዮጵያ የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ይባል እንጂ፥ ተቋርጦ በሚመለስበት ጊዜ ለአፍታ ከመጠኑ ሊያልፍ ወይም ሊያንስ ይችላል። ስታቢላይዘር ይህን መዋዠቅ ያለዝባል፤ መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒዩተሩን ይዞ ለማቆየት አይችልም።

በዚህ ላይ የወቅቱ አጋጣሚ ይጨመራል። የመንግሥት የበጀት ዓመት በሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ በዚሁ አቈጣጠር የሚሠራ ነጋዴም ዓመታዊ ሒሣቡን የሚያጠናቅቀው ከሐምሌ ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። ሐምሌ ደግሞ የዝናብና የመብረቅ ወር ነው። የዓመቱ መዝገብ በሚጠናቀቅበት ጊዜ የኮረንቲው መስመር ከማናቸውም ጊዜ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል ማለት ነው። የሒሣብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ግብር በሚታወቅበት ጊዜ መዝገቡን ማቅረብ ካልቻለ፥ ኮምፒዩተሬ ተበላሸ ማለቱ ከግዴታው ነጻ አያወጣውም። የተበላሸ ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ የ12 ወር ደረሰኝ አንድ በአንድ እንደ ገና ለማስፈር ግን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ብዙ ሌሊትም ይጠይቃል፤ ያውም ደረሰኞቹ ሁሉ ከተገኙ ነው።

እዚህ ላይ ማጥፋትና ማስተኛት የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። «ስሊፕ» የተባለው የማስተኛት ዘዴ ጥቂት ዋት ብቻ እየሳበ ሥራውን በሜሞሪ ይይዛል። ስለዚህ ለመብራት ሒሣብ መልካም ነው፤ ነገር ግን መብራት ከሄደ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ሊሄድ ይችላል። «ሃይበርኔት» የተባለው ሁለተኛው ዘዴ ሥራውን ወደ ዲስክ ገልብጦ ኃይሉን ስለሚያቋርጥ፥ መብራት ቢሄድም አይጐዳም። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ማስተኛቱ ብዙ አያሰጋም። ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር ተኝቶ እንዲያድር መተው፥ ያልተዘጋ መዝገብ በበረንዳ ላይ እንደ ማሳደር ይቈጠራል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው የኮምፒዩተር ጥቃት በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን አጥቅቶ፥ የባለቤቶቹን መዝገብ ቈልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ማይክሮሶፍት መከላከያውን ያወጣው ግን ከዚያ ሁለት ወር አስቀድሞ በመጋቢት ነበር። ጉዳት የደረሰው መከላከያው ባልተጫነባቸው መሣሪያዎች ላይ ነው። እንዲህ ያለው መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ስለሆነ፥ ለወራት ሳይጠፋ የሚቆይ መሣሪያ መድኃኒቱ ተገዝቶለት ሳይውጠው የቀረ ሕመምተኛን ይመስላል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት የዊንዶውስ ዓይነቶች ሲጠፉ ቶሎ ለመነሣት እንዲያመቻቸው የሥርዓታቸውን ከፊል በዲስክ ስለሚያቈዩ፥ ከማጥፋቱ በተጨማሪ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ «ሪስታርት» ማድረግ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች፥ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ አንድ ኮምፒዩተር መጨነቅ ምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። የአገር ኃይል የማመንጨት አቅም ማደጉ የሚያስደስት ነው፤ የንግድና የኢንዱስትሪ ተስፋም ነው። ነገር ግን በግድቡ የመነጨው ኃይል ወደ ነጋዴው ቤት የሚደርሰው በማስተላለፊያ መስመር፥ በማከፋፈያ ጣቢያ፥ በሠፈሩ ትራንስፎርመርና በምሰሶው ሽቦ ነው። አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ በሠፈሩ ሽቦ ላይ ቢወድቅ በዓባይ ላይ ያለው ውሃ ለዚያ ሌሊት አይረዳም።

በርቶ ማደር የሚገባው ኮምፒዩተር የለም ማለት ግን አይደለም። የሱቁን የጥበቃ ካሜራ ምስል የሚመዘግብ፥ ሁለት ቅርንጫፎች ሌሊትም የሚጠቀሙበትን የጋራ መዝገብ የያዘ፥ ወይም የመዝገቡን ቅጂ ሌሊት ወደ ሌላ ሥፍራ የሚልክ መሣሪያ ሥራ ላይ ነውና ቢበራ ይገባዋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ዩ.ፒ.ኤስ. ሊኖረው ግድ ነው። ዩ.ፒ.ኤሱም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ከመስጠቱ በላይ፥ ባትሪው ከማለቁ በፊት ኮምፒዩተሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ በገመድ ሊያዘው የሚችል ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ባትሪውም በጊዜ ብዛት ስለሚደክም በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ይህን ወጪ ማውጣት የማይፈልግ ነጋዴ፥ መሣሪያው ሌሊት በርቶ የሚሠራው ሥራ በእርግጥ አለ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ብዙውን ጊዜ መልሱ የለም የሚል ይሆናል።

ማጥፋት ብቻውንም ሙሉ ጥበቃ አይደለም። የጠፋ ኮምፒዩተር ሶኬቱ ግድግዳ ላይ እስካለ ድረስ መብረቅ በሽቦ ሊደርስበት ይችላል፤ ስለዚህ በክረምት የኮረንቲውንም የኢንተርኔቱንም ገመድ መንቀል ያስፈልጋል። ዲስክም እንደ ማናቸውም የሰው ሥራ አንድ ቀን ይበላሻል፤ የመዝገቡ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ በተለየ ዲስክ ላይ፥ ከተቻለም በሌላ ሥፍራ መቀመጥ አለበት። ከኮምፒዩተሩ ጋራ ተሰክቶ የሚያድር ቅጂ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋራ አብሮ ሊጠፋ የሚችል ነው።

እንግዲህ ለነጋዴው የሚጠቅመው ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም። የቀኑን ሒሣብ አመዛዝኖ መዝገቡን መዝጋት፥ ቅጂውን አውጥቶ ነቅሎ ማስቀመጥ፥ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት አጥፍቶ የግድግዳውን ማብሪያና ማጥፊያ መዝጋት ነው። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ የአሥር ደቂቃ ሥራ የዓመት ድካምን ካዳነ ከዚህ የተሻለ ትርፍ የሚገኝበት ንግድ አይገኝም። የሱቁን በር ሳይቈልፍ ወደ ቤቱ የማይሄድ ነጋዴ፥ የሱቁን ምሥጢር ሁሉ የያዘውን መሣሪያም ሳይዘጋ ወደ መኝታው መሄድ የለበትም።