የወጣቶች ሩጫና ማዕድ

ሰውነት በእንቅስቃሴ ይጠነክራል፥ በምግብም ይቆማል፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጐድል ሌላው ብቻውን አያጸናውም። ይህም ይልቁንም ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት በሆነ ልጆች ዘንድ ጐልቶ ይታያል፤ አጥንት የሚረዝምበት፥ ጡንቻ የሚዳብርበት፥ ደም የሚበዛበት ጊዜ ነውና።

በአምቦ፥ በጉደር፥ በጊንጪ፥ በጌዶና በሌሎቹም የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፥ ከገጠር በእግሩ ገሥግሦ ከትምህርት ቤት የሚደርስ ተማሪ ብዙ ነው። ጧት ጥቂት ቆሎ ቆርጥሞ፥ አንዳንዱም ምንም ሳይቀምስ ይወጣል፤ በዚያም ላይ ይሮጣል፥ ኳስ ይጫወታል። ወደ ቤቱ ተመልሶ ማዕድ ሲቀርብለት ጥቂት ጐርሶ እጁን ቢሰበስብ ወላጆቹ «ኳስ የምግብ ፍላጎቱን ዘጋው» ይላሉ፤ በማግሥቱ አብዝቶ ሲበላ ቢያዩት ደግሞ «ኳስ ሆዳም አደረገው» ብለው ይነቅፉታል። ሁለቱም ፍርድ የነገሩን ሥር ያልመረመረ ነው።

ሰው በብርቱ ሲሮጥ ደሙ ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ያዘነብላል። ከጨጓራ የሚመነጨው፥ ረኃብንም የሚቀሰቅሰው፥ የጃፓን ሊቃውንት በ1992 ዓ.ም. ያስታወቁት ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ለጊዜው ይቀንሳል፤ የጥጋብን ስሜት የሚሰጡት ሆርሞኖች ግን ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ከብርቱ ሩጫ በኋላ ረኃብ ለጥቂት ጊዜ ይሸሸጋል እንጂ አይጠፋም። ልምምዱም እየተደጋገመ ሲሄድ ሰውነት ያወጣውን መልሶ መጠየቁ አይቀርም። ይህ የረኃብ መሸሸግ ያለ ልክ ለወፈረ ልጅ ሊጠቅመው ይችላል፤ ለቀጭኑና ለድኻው ልጅ ግን የጐደለውን እንዳያውቅ ያደርገዋል።

እንዲህ ከሆነ ስፖርት ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ መክሯል። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ በማራቶን ሁለተኛ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳም የተወለደው በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፥ የገብስና የድንች አገር በሆነው በጀልዱ ነው። የጊንጪ ሜዳም ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። አገሩ ለልጆቹ የሚበቃ እህል አልነሣም፤ የሚጐድለው እህሉን ከልጁ ገበታ በጊዜው የሚያደርስ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ወላጅ ልጁ ከሩጫ እንደ ተመለሰ ባይበላ ማዕዱን አያንሣበት፤ ድርሻውን ከድኖ ያቆይለት። ለሴት ልጅም የተረፈው ብቻ አይሰጣት፤ የወር አበባ ስትጀምር ብረት ያለበት ምግብ ይበልጥ ያስፈልጋታልና። ለስላሳ መጠጥና ጋዝ ያለው ውሃም ሆድን ይነፋል እንጂ የማዕድን ቦታ አይተካም። የትምህርት ሹማምንት ደግሞ የስፖርቱ ሰዓት ከምሳ በፊት እንዲውል፥ በመካከሉም ጥቂት ዕረፍት እንዲኖር ቢያደርጉ መልካም ነው። ከቤቱ ምግብ የሌለው ተማሪ ተለይቶ ይታወቅ፤ ባዶ ሆዱን እንዲሮጥ ማዘዝ ከዕድገቱ ላይ መቀነስ ነውና። ከእርሻ ትምህርት ቤትነት ተነሥቶ ያደገው የአምቦ ዩኒቨርሲቲም ለትምህርት ቤቶች የጓሮ አትክልት ምክር ቢሰጥ ሥራው ከጥንት መሠረቱ ጋር ይስማማል።

የካህናትም ድርሻ አለ። በዐቢይ ጾም የሚጾም ወጣት የሩጫው ሰዓት ከመብሉ ሰዓት እጅግ ቢርቅ ይዝላል። ጾም ፈቃደ ሥጋን መግዛት እንጂ ሰውነትን ማፍረስ አይደለም፤ የንስሐ ልጅን ዕድሜና ጉልበት መዝኖ ማዘዝም የአበው ልማድ ነው። ሽሮው፥ ባቄላው፥ ምስሩ፥ ኑጉ፥ ተልባውና ጐመኑ ከበሶው ጋር ተባብረው በሰዓታቸው ቢቀርቡ ጾሙም አይሻርም፥ ልጁም አይጐዳም።

አምቦ በቀድሞ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ስሙ በውነት የሚጸናው በፍል ውሃዋ ብቻ ሳይሆን፥ በሜዳዋ የሚሮጠው ልጅ ጠግቦ ሲያድር ነው።