«ፕሪቴንደር» ሁሉ አስመሳይ ነውን?

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የታሪክ ምንጮችን ስንተረጉም «ፕሪቴንደር» የሚለውን ቃል «አስመሳይ» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። በእኔ እምነት ይህ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ያልተመረመረ ፍርድ ነው።

«ፕሪቴንድ» ከላቲኑ «ፕራይቴንደሬ» የተወረሰ ሲሆን ፍቺውም ከፊት መዘርጋት ማለት ነው። ድንኳን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ቴንት»፣ ከዚሁ ግንድ ይመዘዛል። ከፊት የተዘረጋው ነገር ለዳኝነት የቀረበ መብት ሊሆን ይችላል፤ የኋላውን የሚሸፍን መጋረጃም ሊሆን ይችላል። በዛሬው የእንግሊዝኛ ንግግር ጎልቶ የቀረው መጋረጃው ነው። የፈረንሳይኛው «ፕሬታንድር» ግን ዛሬም በዋናነት «ነው ብሎ መከራከር፣ ይገባኛል ማለት» ነው።

ጄምስ ፍራንሲስ ኤድዋርድ ስቱዋርት (እ.ኤ.አ. 1688–1766) በታሪክ «አሮጌው ፕሪቴንደር»፣ በ1745 ዐመፅ የመራው ልጁ ቻርልስ ደግሞ «ወጣቱ ፕሪቴንደር» ይባላሉ። አባትየው ከዙፋኑ የተባረረው የዳግማዊ ጄምስ ልጅ ነበር፤ የጠየቀውም የአባቱን ዘውድ ነው። ማንንም አልመሰለም።

የአማርኛው «አስመሰለ» መነሻው ሌላ ነው። «ምስል»፣ «አምሳል» እና «ምሳሌ» የተገኙበት «መሰለ» መመሳሰልን እንጂ መዘርጋትን አያውቅም፤ በመሆኑም ለሙግት ቦታ የለውም። «አስመሳይ» የተባለ ሰው ገና ሳይሟገት የተረታ ነው። በዘመነ መሳፍንት ባላባቶች ሲያነግሧቸውና ሲሽሯቸው የነበሩትን የሰሎሞናዊ ዘር ተወላጆች በዚህ ስም የጠራ ተመራማሪ፣ ሳያውቀው የተቀናቃኞቻቸውን ክስ በገዛ ብዕሩ አጽድቋል። «የዙፋን ይገባኛል ባይ» ረዘም ቢልም ክርክሩን ክፍት ይተወዋል። ለለየለት ሐሰተኛማ እንግሊዝኛው ራሱ «ኢምፖስተር» የሚል ሌላ ቃል አለው።

አስቸጋሪው ምንጩ ራሱ በሁለቱ ፍቺዎች ሲጫወት ነው። የጄምስ ጠላቶች ሕፃኑ የንግሥቲቱ ልጅ እንዳልሆነና በአልጋ ማሞቂያ ዕቃ ተደብቆ ወደ መኝታ ክፍሏ እንደገባ ያስወሩ ነበር፤ በእነርሱ አፍ «ፕሪቴንደር» ይገባኛል ባይም አስመሳይም ነው። እዚህ ላይ አንድ የአማርኛ ቃል አይበቃም፤ ተርጓሚው የግርጌ ማስታወሻ ሊጽፍ ይገባዋል።