ስለ አቶሚክ ጣቢያው የሚመሰክረው ማነው?

ጎረቤታችን ኬንያ የአቶሚክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ለመሥራት ከተነሣች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ጉዳዩ በናይሮቢ መሥሪያ ቤቶችና በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲያከራክር ቆይቷል። ጣቢያው ይጠቅማል ወይም ይጎዳል እያሉ አስተያየታቸውን የሰጡ ብዙዎች ናቸው። እኛ ዛሬ ልንነጋገርበት የምንፈልገው ግን እምብዛም ያልተነገረለትን አንድ ነጥብ ነው፤ ይኸውም የፈቃዱ ክርክር ዳኞች ፊት በሚቀርብበት ጊዜ ስለ ሬአክተሩ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ጨረሩ ዐውቆ የሚመሰክር ልዩ ዐዋቂ ከየት ይገኛል? የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩን አመጣጥ ባጭሩ እናስታውስ። በ2010 አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ2012 ኮሚቴው ወደ ቦርድ ተለወጠ፤ በ2019 በወጣው የኢነርጂ ሕግ ደግሞ ቦርዱ የኑክሌር ኃይልና ኢነርጂ ኤጀንሲ ሆነ። በዚያው ዓመት በሌላ ሕግ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ። እንግዲህ አስፋፊው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ተቆጣጣሪው ሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ኤጀንሲው 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በ2027 መሥራት ጀምሮ በ2034 ሥራ ላይ ለማዋል አቀደ። በቀዳሚነት የታየውም ቦታ በኪሊፊ ካውንቲ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የሚገኘው ኡዮምቦ ነው። በአካባቢው የዋታሙ የባሕር ፓርክ፣ የሚዳ ሰላጤና የአራቡኮ ሶኮኬ ደን አሉ። ነዋሪው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከፊሉም በቱሪስቶች አገልግሎት ይተዳደራል።

ነዋሪዎቹ አልተስማሙም። በ2023 በፊሊስ ኦሚዶ የሚመራው የፍትሕና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት አቤቱታቸውን ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አቀረበ፤ በግንቦት 2024 ኡዮምቦ ላይ በሕዝቡና በፖሊስ መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰዎች ተደበደቡ። በ2025 የመንግሥቱ ዓይን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ሲያያ ካውንቲ ዞረ። ቦታው ቢለወጥም ጥያቄው አልተለወጠም። ከውቅያኖሱ ዓሣ አጥማጅ ወደ ሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ተሻገረ እንጂ።

አቤቱታ አንድ ነገር ነው፤ ክርክር ግን ሌላ ነገር ነው። ሰልፍ የወጣ ሕዝብ «ፈርተናል» ቢል ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ዳኛው ግን በፍርሃት ላይ ተመሥርቶ ፈቃድ ሊሰርዝ አይችልም። የኬንያ የማስረጃ ሕግ፣ እንደ አገራችን ሕግ ሁሉ፣ ሳይንስና ልዩ ሙያ በሚጠይቅ ነገር ላይ የልዩ ዐዋቂን አስተያየት ይቀበላል። ስለዚህ «ባሕራችን ይበላሻል» የሚለው ሰው ከማቀዝቀዣው የሚመለሰው ውሃ በምን ያህል ዲግሪ እንደሚሞቅና ያ ሙቀት ለኮራሉ ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳ የባሕር ሳይንቲስት ማቅረብ አለበት። ሌላው ይህን ከሰማ አይገርመውም፤ የሠራዊት አባል የሆነ አንባቢያችን በተለይ በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ አዛዥ ከፊቱ ያለውን ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ጥልቀቱን ለክቶ የመጣ ቃኚ ይፈልጋል፤ «ወንዙ ያስፈራል» ወይም «ወንዙ አያስፈራም» የሚል ወሬ አይበቃውም።

ይህ የታሰበ ብቻ ሳይሆን የተሠራም ነገር ነው። በላሙ ወደብ አጠገብ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ እንዲሠራ የኬንያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በመስከረም 2016 ፈቃድ ሰጠ። ሴቭ ላሙ የተባለው የነዋሪዎች ማኅበርና አባሪዎቹ ለብሔራዊ የአካባቢ ጉዳዮች ትሪቡናል ይግባኝ አሉ። ክርክሩ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰኔ 26 ቀን 2019 ትሪቡናሉ ፈቃዱን ሰረዘ። ሰዎች ይህን ድል ሲያወሱ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ሰልፉንና ቲ-ሸርቱን ነው። እኛ እንደሚመስለን ግን ክብደቱ ያለው በምስክሮቹ ላይ ነው፤ ስለ አየር ብክለት፣ ስለ ባሕር፣ ስለ አመድ ማከማቻው ዐዋቂዎች ቀርበው፣ በተቃራኒው ወገን ጠበቃ ተጠይቀው፣ ቃላቸው በመዝገብ ሰፈረ። ትሪቡናሉም ሕዝቡ ተጠይቋል የተባለው ጥናቱ ከመዘጋጀቱ በፊት በተደረጉ ስብሰባዎች መሆኑን፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ግን ነዋሪው ይዘቱን ዐውቆ አስተያየት እንዲሰጥ በሚገባ አለመደረጉን አመለከተ። በ2025 የማሊንዲ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ አጸናው።

የሞምባሳው ኦዊኖ ኡሁሩ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ በመንደሩ ሕዝብ ላይ ያደረሰው ጉዳት በፍርድ ቤት የቆመው በዋይታ አልነበረም፤ የነዋሪዎች የደም ምርመራና የአፈር ናሙና ውጤት ከማስረጃዎቹ መካከል ነበሩ። በ2020 የተፈረደው የ1.3 ቢሊዮን ሺሊንግ ካሣ በይግባኝ ተናግቶ ቆይቶ በታኅሣሥ 2024 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተመለሰ። ያችው ፊሊስ ኦሚዶ ዛሬ የአቶሚኩን ጣቢያ ትሞግታለች፤ ምስክር ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ካለ እሷ ናት።

ዳሩ ግን እርሳስ አንድ ነገር፣ ሬአክተር ሌላ ነገር ነው። ደም የሚመረምር ላቦራቶሪ በየከተማው ይገኛል። የሬአክተር መሐንዲስ ግን በምሥራቅ አፍሪካ በጣት የሚቆጠር ነው። ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ከዚያ የሚወጡት ወጣቶች የት ይቀጠራሉ ቢባል፣ መልሱ ወይ በአስፋፊው ኤጀንሲ፣ ወይ በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን፣ ወይ በሆስፒታል የጨረር ክፍል ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ ኮሪያና ወደ ሌሎችም አገሮች የተላኩት ብዙዎቹ የሄዱት በዚያው በፕሮግራሙ ነው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ሬአክተር ከሚሸጡት አገሮች አንዷ ናት። እነዚህ ወጣቶች ክብር የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው፤ ሐቀኝነታቸውን የምንጠራጠርበት ምክንያት የለንም። ነገር ግን ደመወዙን ከሚከፍለው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ «ይህ ስሌት ጎድሏል» እንዲል አንድን ወጣት መጠየቅ ከሰው ልጅ ብዙ መጠበቅ ነው። «በሬ ካራጁ ይውላል» እንዲሉ፣ የኡዮምቦ ወይም የሲያያ ነዋሪ ዐዋቂ ሲያጣ የባላጋራውን ዐዋቂ ለመጠየቅ ይገደዳል።

በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ያስተምራል። በኬፕ ታውን አቅራቢያ የሚገኘው ኩበርግ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራ የአህጉሩ ብቸኛ የንግድ አቶሚክ ጣቢያ ነው። የጣቢያው ዕድሜ ለ20 ዓመት እንዲራዘም በተጠየቀበት ወቅት በተቆጣጣሪው ቦርድ ውስጥ የሕዝባዊ ማኅበራት ተወካይ የነበሩትን ፒተር ቤከርን ሚኒስትሩ ግዌዴ ማንታሼ በ2022 አሰናበቷቸው፤ ከተሰጡትም ምክንያቶች አንዱ ሰውዬው የኑክሌር ኃይልን የሚቃወሙ መሆናቸው ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 2023 ስንብቱን ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው። ቁምነገሩ ኩበርግ መራዘም አለመራዘሙ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሬአክተር በ2024 እስከ 2044 እንዲሠራ ተፈቅዶለታል። ቁምነገሩ የሚጠይቅ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ፈቃዱ ራሱ የሚታመንበት ክብደት መቅለሉ ነው።

ለምስክሮች የሚቀርበው ጥያቄ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሁለት እንጥቀስ። የመጀመሪያው የመስመሩ ጥያቄ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የኬንያ ከፍተኛው የኃይል ፍላጎት ከ2,300 ሜጋ ዋት ብዙም አይበልጥም ነበር። በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀው ልማድ አንድ ሬአክተር ከመላው የመስመር አቅም ከአሥር እጅ አንዱን እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ምክንያቱም ሬአክተሩ በድንገት ቢቆም መላው አገር ጨለማ ላይ እንዳይወድቅ ነው። እንግዲህ 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አንድ ሬአክተር በዚህ መስመር ላይ እንዴት ይጫናል? በ2034 ፍላጎቱ ስንት ይሆናል? ከጎረቤት ጋር የተያያዘው መስመር፣ ከኢትዮጵያ የሚሄደውንም ኃይል ጨምሮ፣ ምን ያህል ያግዛል? ይህን የሚመልስ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እንጂ የጨረር ሐኪም አይደለም፤ ሁሉንም የሚያውቅ አንድ «የአቶሚክ ሊቅ» የሚባል ሰው የለም።

ሁለተኛው የማዕበል ጥያቄ ነው። በታኅሣሥ 2004 ከሱማትራ የተነሣው ማዕበል ውቅያኖሱን አቋርጦ በሶማሊያ ብዙ ሰው ፈጀ፤ ኬንያ ላይም ደርሶ በዋታሙ አካባቢ አንድ ሰው ገደለ። ዋታሙ ደግሞ የኡዮምቦ ጎረቤት ነው። አንድ ሰው ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በፉኩሺማ የጣቢያው ባለቤት ኩባንያ ውስጥ በ2008 ከ15 ሜትር በላይ የሚደርስ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት ተሠርቶ ነበር፤ ስሌቱ ግን ከቢሮ ሳይወጣ፣ ግንቡም ሳይጠነክር ቀረና መጋቢት 2011 ደረሰ። ስሌቱ በፈቃድ ክርክር ላይ በተቃራኒ ወገን ምስክር ተገላልጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሜሪካ በ1972 የጀመረውን የድንገተኛ ማቀዝቀዣ ክርክር የሚያስታውስ ሰው ይህ ባዶ ምኞት አለመሆኑን ያውቃል። የፊዚክስ ሊቁ ሄንሪ ኬንዳልና የኢኮኖሚ ባለሙያው ዳንኤል ፎርድ የነዋሪዎችን ወገን ይዘው፣ የሬአክተሩ ልብ ውሃ ቢያጣ ማቀዝቀዣው በእርግጥ ይሠራል ወይ? ብለው ጠየቁ። የሚገርመው ለእነርሱ ይበልጥ የመሰከሩላቸው የመንግሥቱ የራሱ ላቦራቶሪዎች መሐንዲሶች መሆናቸው ነው፤ በመሐላ ሲጠየቁ በሪፖርት ያልጻፉትን ጥርጣሬ ተናገሩ። መዝገቡ ከ20,000 ገጽ በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ አስፋፊውንም ተቆጣጣሪውንም በአንድ ቤት የያዘው ኮሚሽን ፈርሶ በ1975 ሥራው ለሁለት ተከፈለ። እንግዲህ ምስክር የሚፈለገው ሁልጊዜ ከውጭ ነው ማለት አይደለም፤ በመሐላና በሕግ ጥበቃ ሥር እስከጠየቁት ድረስ ከውስጥም ይገኛል።

«ይህ ሁሉ ሥራን ማጓተት ነው» የሚሉ አሉ። ብሪታንያ ስለ ሳይዝዌል ጣቢያ ከ1983 እስከ 1985 ባደረገችው ምርመራ 340 ቀን ተቀምጣለች። ያን ያህል መቀመጥ ኬንያ ትችላለች ወይ? ብለው ይጠይቃሉ። ተቃውሞው መሠረት የሌለው አይደለም፤ መብራት ለሌለው ቤት መዘግየትም ጉዳት ነው። በዋጋ የሚመሰክር «የኪራይ ሊቅ» በሁለቱም ወገን እንዳለ እናውቃለን። ሆኖም የሳይዝዌል ጣቢያ ከዚያ ሁሉ ምርመራ በኋላ ተሠርቷል። በሌላ በኩል የነዋሪ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሳይመለስ የተሠራው የኒው ዮርኩ ሾርሃም ጣቢያ ከአምስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈሰሰበት በኋላ ለንግድ መብራት ሳይሰጥ ተዘግቷል። የትኛው ነው ያጓተተው?

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። ለዐዋቂ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ለጉዞው፣ ለላቦራቶሪው የሚወጣው ከዓሣ አጥማጅ ኪስ አይገኝም። የላሙ ሰዎች ከውጭ አገር ከሚገኙ የአካባቢ ሕግ ጠበቆችና ሳይንቲስቶች እርዳታ አግኝተዋል፤ ወዲያው ግን «በባዕዳን የሚነዱ» የሚል ስም ተለጠፈባቸው። ሬአክተሩ፣ ነዳጁና ብድሩ ሁሉ ከባዕድ ሲመጣ ያልተነሣ ነቀፌታ ዐዋቂው ከባዕድ ሲመጣ ለምን እንደሚነሣ አይገባንም። ካናዳ ከ2011 ጀምሮ በኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኗ በኩል ለሚከራከሩ ማኅበረሰቦች ገንዘብ ትሰጣለች። ኬንያም ፈቃድ ከሚጠይቀው ወገን ከሚሰበሰበው ክፍያ ጥቂቱን ለይታ፣ ትሪቡናሉ ራሱ በሚያዝበት ሒሳብ ውስጥ ብታስቀምጥና ዐዋቂውም ለከፈለው ወገን ሳይሆን ለዳኞቹ ታማኝ መሆኑን በመሐላ ቢያረጋግጥ፣ ነቀፌታውም ሥጋቱም በአንድ ላይ ይቀላል።

ይህን ሁሉ ስለ ጎረቤት የምንጽፈው ለወሬ አይደለም። በመስከረም 2025 ታላቁ የህዳሴ ግድብ በተመረቀበት ወር አገራችን ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የአቶሚክ ኃይል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ነገ በእኛም ወንዝ ዳር መንደርተኛ ተሰብስቦ ሲጠይቅ በአማርኛ የሚመልስለት፣ ለሻጩም ለአስፋፊውም ያልተቀጠረ ሰው ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የፊዚክስ፣ የመሬት ሳይንስና የውሃ ምሕንድስና ክፍሎች ካሉት መምህራን ስንቶቹ ለዚህ እንዲዘጋጁ እየተደረገ ነው? ጣቢያውንስ የሚጠብቀው፣ አደጋ ቢደርስ መንገድ ዘግቶ ሕዝቡን የሚያወጣው ወታደር የሚመራበትን የመልቀቂያ ዕቅድ ማን ነው የሚመረምረው?

በኬንያ ሕግ በፈቃድ የተከፋ ሰው ለትሪቡናሉ ይግባኝ የሚልበት ጊዜ 60 ቀን ነው። የአቶሚክ ጣቢያ ጥናት ብዙ ቅጽ ያለው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በስሌት የተሞላ ሰነድ ነው። በ60 ቀን ውስጥ ሰነዱን አግኝቶ፣ ወደ ስዋሂሊ አስተርጉሞ፣ ዐዋቂ ፈልጎ፣ ዐዋቂው አንብቦ ቃሉን እንዲጽፍ ማድረግ የማይቻል ነው። ስለዚህ ዐዋቂ መፈለግ የሚጀመረው ፈቃዱ ሲሰጥ ሳይሆን ጉድጓድ ቆፋሪው የመጀመሪያውን የአለት ናሙና ከመሬት ባወጣበት ዕለት ነው፤ የናሙናውም ውጤት ለኤጀንሲው በደረሰበት ሰዓት ለሲያያው ዓሣ አጥማጅ ጠበቃም መድረስ አለበት።